የትኛዋ ደሴት ናት ደኗን ይበልጥ ያጣችው? ኮሞሮስ፣ ሰለሞን ደሴቶች፣ ሞሪሸስ… ቁጥሮቹን እንዴት እናወዳድራቸው?

ዋርካ ሥር (ጠያቂ)፦ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለአንድ ኮርስ ትናንሽ የደሴት አገሮች ከ1990 እስከ 2020 ድረስ ምን ያህል ደን እንዳጡ እያወዳደርኩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቁጥሮቹን የወሰድኩት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ከፋኦ ነው።

እስካሁን ያገኘሁት ይሄን ነው። ኮሞሮስ በ1990 ወደ 46 ሺህ ሄክታር ደን ነበራት፤ በ2020 ወደ 33 ሺህ ወርዷል። ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። ሰለሞን ደሴቶች ያኔም ዛሬም ከመሬታቸው 90 ከመቶ ገደማ ደን ነው። ሞሪሸስ 19 ከመቶ አካባቢ ናት፤ በነዚህ ዓመታት ብዙም አልተንቀሳቀሰችም። ቫኑዋቱ 442 ሺህ ሄክታር ላይ ቆማ ለ30 ዓመት ፍንክች አላለችም። ኬፕ ቨርዴ ጭራሽ ጨምራለች። ናውሩ ዜሮ ነው የሚለው።

በዚህ ሂሳብ ኮሞሮስ አንደኛ ተጎጂ ሆነች፤ ሰለሞን ደሴቶች ደግሞ ምንም ያልነካቸው መሰሉ። ይሄ ልቤን አላሳረፈውም። ስለ ሰለሞን የግንድ ንግድ ያነበብኩት ሌላ ነገር ነው። ደረጃ ሳወጣ በሄክታር ልጠቀም ወይስ በመቶኛ? ወይስ መነሻዬ ራሱ ስህተት ነው?

—

ፒክስል 30፦ ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራዬ የሳተላይት ምስል ማንበብ ስለሆነ ከሂሳቡ ልጀምር።

ሄክታር ብቻውን ያሳስትሻል። የሰለሞን ደሴቶች መሬት 2.8 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። የዚህ 1 ከመቶ 28 ሺህ ሄክታር ይሆናል። ኮሞሮስ በ30 ዓመት ካጣችው ሁለት እጥፍ ነው። እንደገና፣ ዛሬ ኮሞሮስ ካላት ደን ሁሉ ብዙም አያንስም። ስለዚህ በሄክታር ካወዳደርሽ ትልቋ አገር ሁሌም ተጎጂ ትሆናለች። «ከመሬቱ ስንት ከመቶ» የሚለውም ቢሆን ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። አንቺ የምትፈልጊው «ከነበራት ደን ውስጥ በዓመት ስንት ከመቶ እያጣች ነው» የሚለውን ይመስለኛል። ለኮሞሮስ ሲሰላ በዓመት 1.1 ከመቶ ገደማ ይመጣል። ይሄ ከባድ ፍጥነት ነው።

ሌላው፣ የፋኦን የተለያዩ እትሞች አትቀላቅዪ። ድርጅቱ ግምገማውን በየአምስት ዓመቱ ሲያወጣ ያለፉትን ዓመታት ቁጥር ሁሉ ከሥሩ ያርመዋል። ጃማይካን እዪ። በ2015ቱ እትም ደኗ ከመሬቷ 31 ከመቶ ገደማ ነበር። በ2020ው እትም 55 ከመቶ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ዛፍ አልበቀለም፤ አቆጣጠሩ ነው የተቀየረው። የ1990ን ቁጥር ከአንዱ፣ የ2020ን ከሌላው ከወሰድሽ በወረቀት ላይ ደን ታበቅያለሽ።

በዓመት በዓመት የሚታየው መስመርም ቢሆን በየዓመቱ ተለክቶ አይደለም። በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው በስሌት ነው የሚሞላው። ቫኑዋቱ ለ30 ዓመት ያው ቁጥር ላይ መቆሟም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በመጋቢት 2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ ያችን አገር አመሳቅሏታል። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የማይንቀሳቀስ ቁጥር ስታዪ «ደኑ ተጠብቋል» ከማለትሽ በፊት «ማን ለካው?» ብለሽ ጠይቂ።

—

የደን ሰው፦ ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በደን ሥራ ጨርሼ ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከሂሳቡ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደን ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?

በፋኦ ትርጉም ደን ማለት ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ነው። ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉ፣ ጥላቸው ከመሬቱ ከ10 ከመቶ በላይ የሚሸፍን መሆን አለበት። 10 ከመቶ! ዘጠኝ እጅ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ደን ሊባል ይችላል። ተቆርጦ «ተመልሶ ይበቅላል» የተባለ መሬትም ደን ተብሎ ይቆጠራል። የጎማ ዛፍ ተክል ደን ነው፤ የዘንባባ ዘይትና የፍራፍሬ እርሻ ግን አይደለም።

እንግዲህ የሰለሞን ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ኩባንያ ገብቶ ትልልቁን ግንድ መርጦ ያወጣል። ትንንሹ፣ ጎባጣው፣ ሐረጉ ይቀራል። ጥላው ከ10 ከመቶ በላይ ስለሆነ ቁጥሩ «ደን» እንዳለ ይቀጥላል። የደኑ ስፋት አልቀነሰም፤ ደኑ ግን ያ ደን አይደለም። እኛ ይሄን መመናመን ነበር የምንለው። ጭፍጨፋ ሌላ፣ መመናመን ሌላ። አንቺ የያዝሽው ሠንጠረዥ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የእኛንም አገር አስቢ። «በ1900 የኢትዮጵያ 40 ከመቶ ደን ነበር፤ ዛሬ 3 ከመቶ ቀረ» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? በየትምህርት ቤቱ ተምረነዋል። የታሪክ ሰዎች ቆየት ብለው ሲመረምሩት 40 የሚለው ቁጥር የተለካ ማስረጃ የለውም። ከዚያ በ2015 አገሪቱ የደን ትርጉሟን አስተካከለች፤ ከፍታ 2 ሜትር፣ ጥላ 20 ከመቶ፣ ስፋት ግማሽ ሄክታር። ቆላ ያለው ጥቅጥቅ ያለ የደረቅ አካባቢ ዛፍ ሁሉ ገባበት። ሽፋኑም ከ15 ከመቶ በላይ ሆነ። እኔ የማውቀው ጫካ ግን በዚያ ዓመት አንድ ዛፍ አልጨመረም።

—

ከብሪዝበን፦ ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ አውስትራሊያ ነው የምኖረው። የሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ ከሰለሞን ደሴቶች የመጡ አሉ፤ ስለ ግንድ ወሬ ከተነሳ ፊታቸው ይለወጣል።

የሰለሞን ነገር በሠንጠረዥ አይያዝም። ለዘለቄታው ሊቆረጥ ይችላል የሚባለው በዓመት 300 ሺህ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። በ2017 ወደ ውጭ የተላከው ያልተሰነጠቀ ግንድ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነበር። ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። አብዛኛው የሄደው ወደ ቻይና ነው። ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይሄው ግንድ ነበር። መንግሥት «ነገ አቁሙ» ቢል የሐኪምና የመምህር ደሞዝ ከየት ይምጣ? ጥያቄው እንደዚያ ነው የታሰረው።

መሬቱ ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት አይደለም፤ የጎሳና የዘር መሬት ነው። ኩባንያው ከሁለትና ከሦስት ሰው ጋር ፈርሞ ይገባል፤ ሌላው ዘመድ መጋዝ ሲጮህ ነው የሚሰማው። ወንድማማች የተጣላበት መንደር ብዙ ነው ይሉኛል።

አንድ የማይረሳኝ ነገር ልጨምር። ቫንጉኑ የምትባል ደሴት ላይ ሰዎቹ «ቪካ» የሚሉት ዛፍ ላይ የሚኖር ትልቅ አይጥ አለ። አገሬው ስለ እሱ ሲያወራ ኖሯል፤ ሳይንቲስቶች ግን ለዓመታት ፈልገው አጡት። በመጨረሻ የተገኘው ለግንድ ከተቆረጠ ዛፍ ላይ ወድቆ ነው። በ2017 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ዛፉ ሲወድቅ ነው የተዋወቅነው። እዚያው ሰለሞን ውስጥ ሬኔል የምትባል ደሴት ላይ ያለው ምሥራቅ ሬኔልም አለ፤ በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ2013 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ አንዱ ምክንያት እዚያው ደሴት ላይ የሚካሄደው የግንድ ቆረጣ ነው።

እህቴ፣ 90 ከመቶ የሚለውን ቁጥር ስትጽፊ እነዚህን አስቢ።

—

እንቢ ለመጋዝ፦ ማክሰኞ ማታ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አካሄድ አልስማማም። ትርጉም፣ እትም፣ ፒክስል እያልን ስንሰነጥቅ የሚጠቀመው ማን ነው? ቆራጩ ነው። «ቁጥሩ አከራካሪ ነው» ሲባል ባለሥልጣኑ እፎይ ይላል።

ሄይቲን እዩ። 2 ከመቶ ደን ብቻ ነው የቀራት። ከአውሮፕላን ብታዩት ድንበሩ በዛፍ ነው የሚለየው፤ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በኩል አረንጓዴ፣ በሄይቲ በኩል ቡናማ። አንድ ደሴት፣ ሁለት አገር። ይሄን ለማየት ትርጉም አያስፈልግም። ሕዝቡን የሚያስነሳ ቁጥር ያስፈልገናል።

—

ፒክስል 30፦ ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ቁጭትህ ገብቶኛል። ግን ያነሳኸው ምሳሌ ራሱ ችግሩን ያሳያል።

2 ከመቶ የሚለው ቁጥር በዘገባ ሁሉ ተደጋግሟል። በ2014 የወጣ የሳተላይት ጥናት ግን የሄይቲ የዛፍ ሽፋን 30 ከመቶ ገደማ ነው አለ። ፋኦ ደግሞ 12 ወይም 13 ከመቶ ይላል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ያልተነካውን ጥንታዊ ደን ብቻ ለይቶ ሲለካ 1 ከመቶ እንኳ አልሞላም። አራቱም አንድ አገር ናቸው። ሰላሳው ውስጥ የማንጎ ጓሮ አለ፣ ቡና ጥላ አለ፣ ለከሰል ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ቁጥቋጦ አለ። አንድ ከመቶ ያልሞላው ተራራ ጫፍ ላይ የቀረው ነው።

ጉዳቱ ይሄ ነው። «ሄይቲ ደን የላትም፣ አልቋል» ከተባለ ማካያ ተራራ ላይ ያለችውን የመጨረሻ ደን ማን ይጠብቃታል? የሌለ ነገር አይጠበቅም። ገበሬውም ዛፉን እየቆረጠ እንደገና የሚያስቆጠቁጥ ብልህ ሰው መሆኑ ይረሳል። የተጋነነ ቁጥር ሰው ያስነሳል ብለሃል፤ ተስፋም ያስቆርጣል።

ስለ ድንበሩ ግን ልክ ነህ፤ ልዩነቱ እውነት ነው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1967 የእንጨት መሰንጠቂያዎቹን በሕግ ዘጋች፤ ጥበቃውን ለወታደር ሰጠች። ኋላም ለማብሰያ ጋዝ ድጎማ አደረገች። ዛሬ ደኗ 44 ከመቶ አካባቢ ነው። ሄይቲ ውስጥ አብዛኛው ቤት እስከ ዛሬ የሚያበስለው በማገዶና በከሰል ነው። ደኑን ጋዝ ሲሊንደር ነው ያዳነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

—

እንቢ ለመጋዝ፦ ማክሰኞ ማታ

አራቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። 2 ከመቶ የምትለዋን ከዚህ በኋላ አልደግማትም። ሆኖም አንድ ነገር አልተውም፤ በየትኛውም ትርጉም ቢለካ መጋዙ አልቆመም። ይሄን በጽሑፍሽ ላይ ከፊት አድርጊው፣ ከግርጌ አትቅበሪው።

—

ታሪክ ወዳድ፦ ረቡዕ ጠዋት

ማንም ያላነሳው ነገር 1990 ነው። ለምን ከ1990 ጀመርሽ? ሠንጠረዡ ከዚያ ስለሚጀምር አይደል?

ሞሪሸስ «ብዙም አልተንቀሳቀሰችም» ብለሻል። ሞሪሸስ እኮ ከ1990 በፊት ጨርሳ ነበር! ደችዎች በ1598 ሲደርሱ ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር ጫካ ነበረች፤ ሰው አይኖርባትም። በ1638 ሰፈሩ፤ ጥቁሩን የኢቦኒ ዛፍ እየቆረጡ ጫኑ። ዶዶ የምትባለዋ መብረር የማትችል ወፍ ያ ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ጠፋች። ከዚያ ፈረንሳዮች መጡ። በ1769 ፒየር ፑዋቭር የተባለው አስተዳዳሪ ደን እንዲጠበቅ ሕግ አወጣ፤ ዛፍ ከጠፋ ዝናብ ይጠፋል ብሎ። ከ1810 በኋላ በእንግሊዝ ጊዜ ግን ሸንኮራ አገዳ ሜዳውን ሁሉ ወሰደው። ዛሬ ደህና ሁኔታ ላይ ያለው የተፈጥሮ ደን ከደሴቲቱ 2 ከመቶ አይሞላም። 19 ከመቶ የሚለው ውስጥ የተተከለ ጥድና መጤ ዛፍ ሞልቶበታል።

ኮሞሮስና ሞሪሸስ አንድ ውቅያኖስ ላይ ናቸው። አንዷ የዛሬ 300 ዓመት የጀመረችውን ሌላዋ አሁን እያለፈችበት ነው። ከ1990 ብቻ ከጀመርሽ ቀድሞ የጨረሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ድሃው ዘግይቶ ስለጀመረ ጥፋተኛ ይሆናል። ናውሩም እንደዚያው ናት። 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ደሴት፤ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለፎስፌት ማዳበሪያ ተቆፍራ ውስጧ በሙሉ ድንጋይ ሆነ። በሠንጠረዥሽ ያጣችው ዜሮ ነው።

—

የሞሮኒ መንገደኛ፦ ረቡዕ ምሽት

ኮሞሮስን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ባሕር ዳርቻዋ ላይ በወደቀው አውሮፕላናችን ነው። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ለሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ስለ አገሯ ትንሽ ልበል።

መጀመሪያ የመሬቱን ስፋት አስተካክዪ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ አራተኛዋን ደሴት ማዮትን ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። ማዮት በፈረንሳይ እጅ ናት። የሦስቱ ደሴቶች ስፋት 1,861 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እሱ ላይ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ400 በላይ ሰው ይኖራል። የእርሻ መሬት ፍለጋ ወደ ተራራ ነው የሚወጣው፤ ሌላ መሄጃ የለም።

ከሦስቱ አንዷ በሆነችው አንጁዋን ላይ ይላንግ ይላንግ የሚባል ቢጫ አበባ ይበቅላል። ዘይቱ የሽቶ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ነው፤ ኮሞሮስም በዓለም ከዋናዎቹ አምራቾች አንዷ ናት። ዘይቱ እንዲወጣ አበባው የሚፈላው በትልቅ በርሜል ነው፤ ከሥሩ ቀንና ሌሊት እሳት ይነዳል። እሳቱ ደግሞ እንጨት ነው። በየመንደሩ ጭሱ ይታያል፤ ሽታው ግን ደስ ይላል። አውሮፓ ውስጥ አንገት ላይ የሚረጨው ሽቶ እዚህ ተራራ አራቁቶ እንደሚወጣ የሚያስብ ስንት ሰው አለ?

ሳተላይት የማያየውም አለ። ገበሬው ትልልቁን ዛፍ ይተወዋል፤ ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሮ ሙዝና ጎደሬ ይተክላል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። አሮጌው ዛፍ ሲሞት ግን የሚተካው ችግኝ የለም። ስለዚህ ከሩብ በላይ ያልሽው ምናልባት የሚታየው ብቻ ነው።

ሰዎቹ ራሳቸው የሚነግሩሽ በሄክታር አይደለም፤ በውኃ ነው። አንጁዋን በአንድ ወቅት ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱ ከ40 የማያንሱ ወንዞች ነበሯት ይባላል። ዛሬ በጋ ከክረምት የሚፈሱት አሥር አይሞሉም። አንዲት እናት ባዶ ድንጋይ እያሳየችኝ «እዚህ ነው ልብስ የማጥበው የነበረው» አለችኝ። ግራንድ ኮሞር ላይ ደግሞ መሬቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃ አይዝም፤ ወንዝ የሚባል የለም። ብዙው ሰው የሚጠጣው በገንዳ ያጠራቀመውን ዝናብ ነው።

—

የአዋሽ ልጅ፦ ሐሙስ ጠዋት

እኔ የማውቀው ስለ ኬፕ ቨርዴ «ጨምራለች» የተባለውን ነው። ከ1975 ነፃነት በኋላ እዚያ ያለ ሕዝብ በእጁ ዛፍ ተክሏል። ድርቅ ያደቀቃት ደረቅ አገር ናት፤ ዛሬ 11 ከመቶ ገደማ ደን አላት። ሊመሰገኑ ይገባል፤ እውነቴን ነው። ግን ከተከሉት ውስጥ ብዙው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው።

እኔ የተወለድኩት አሚባራ አካባቢ ነው። ፕሮሶፒስ ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ አፋሩን ሁሉ ጠይቁ። በረሃ ይከላከላል ተብሎ መጣ፤ የግጦሽ መሬታችንን ዋጠው። እሾሁ የከብት እግር ይበሳል። ውኃችንን ይጠጣል። ከላይ በሳተላይት ሲታይ ግን አፋር «አረንጓዴ» እየሆነ ነው። ኬፕ ቨርዴ ላይ ማገዶም መኖም ሆኗቸዋል ይባላል፤ እንደ ቦታው ነው። እኔ የምለው፣ በሠንጠረዥሽ ላይ የመደመር ምልክት ስታደርጊ የምን ዛፍ እንደተደመረ ጻፊ። ደን ጨመረ ሲባል የኛ ሰው ከብቱን ይዞ ተሰደደ ማለት ሊሆን ይችላል።

—

ዋርካ ሥር (ጠያቂ)፦ ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ የደን ሰው፣ ለጥያቄዎ መልስ አልነበረኝም፤ ደን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከሰኞ ወዲህ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አፍርሼዋለሁ።

ደረጃ ማውጣቱን ትቼዋለሁ። ሦስት አገር ብቻ ይዣለሁ፤ ኮሞሮስ፣ ሰለሞን ደሴቶች፣ ሞሪሸስ። ለኮሞሮስ ዓመታዊ ፍጥነቱን አሰላለሁ፤ ከአንድ እትም ብቻ። ለሰለሞን ከደኑ ስፋት ጎን የተላከውን ግንድ በሜትር ኩብ አስቀምጣለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሥዕል ላይ ሲታዩ ንግግር አያስፈልጋቸውም። ለሞሪሸስ ከ1598 እጀምራለሁ። ኬፕ ቨርዴን በአንድ አንቀጽ አነሳታለሁ፤ የአዋሽ ልጅ፣ ያልከውን ሳልጽፍ አላልፍም። መጋዙ አልቆመም የሚለውም የመጀመሪያው አረፍተ ነገሬ ነው።

ፒክስል 30፣ ለኮሞሮስ ከ2001 ወዲህ ያለውን የሳተላይት መረጃ ብጨምር ይጠቅማል?

—

ፒክስል 30፦ ዓርብ ማታ

ይጠቅማል፤ ግን ለብቻው ሠንጠረዥ ስጪው። የሳተላይቱ መረጃ የሚያየው የዛፍ ሽፋን ነው፤ ኮኮናቱንም ቅርንፉዱንም ከደን አይለይም። አንድ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ነው፤ ከዚያ ያነሰ ምንጣሮ ያመልጠዋል። የጠፋውን ነው የሚቆጥረው፤ ተመልሶ የበቀለውን ከዚያ ላይ አይቀንስልሽም። በሚያዝያ 2019 ኬኔት የተባለው አውሎ ነፋስ ግራንድ ኮሞርን መቷል፤ በዚያ ሰሞን የወደቀው ዛፍ ሁሉ የመጋዝ ሥራ ተደርጎ እንዳይቆጠርብሽ። ደመናም አለ፤ የካርታላ ተራራ አናት ከደመና የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ከፈለግሽ ምስሎቹን አብረን እናያቸዋለን።

—

የደን ሰው፦ ቅዳሜ ጠዋት

ጎበዝ። ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ መምህርሽ «በሄክታር ያልተለካ ነው» ብሎ ቢልሽ እንኳ ያችን የአንጁዋን እናት የነገረችውን አታውጪው።